ደመና ፍለጋ፤ ከራስ ዲካ እስከ ታላቁ ባራ

የጅቡቲ ከተማ በሦስት ክፍል ተከፍላ የምትተዳደር ስትሆን፥ ክፍሎቹም ራስ ዲካ፥ ቡላዎስና በልበላ ይባላሉ። በስፋት ከሁሉ የሚያንሰው ራስ ዲካ ነው። ይሁን እንጂ የባሕሩን ዳርና የጥንቱን የፈረንሳውያን ሠፈር የያዘው እርሱ ስለ ሆነ፥ እንግዳ ሰው «ጅቡቲን አየሁ» ሲል ብዙውን ጊዜ ያየው ራስ ዲካን ነው። በዐረብኛ ቋንቋ «ራስ» ማለት ልክ እንደ አማርኛችን አናት ማለት ሲሆን፥ ወደ ባሕር ሾልኮ የገባ የመሬት ጫፍም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ አማርኛ የሚማር ሰው በካርታ ላይ «ራስ ዲካ» የሚል ጽሕፈት ቢያገኝ የአንድ መስፍን ስም እንዳይመስለው እናሳስባለን። መሳፍንቱንና ነገሥታቱን ለሚፈልግ ግን የቀድሞው ምኒልክ አደባባይ ከዚያው አይርቅም፤ አደባባዩ አገሪቱ ነፃ ከወጣችበት ቀን በኋላ ስሙ ተለውጦ «27 ጁን 1977» ተብሏል፤ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ወደዚህች ከተማ ደመና ለማየት የሚሄድ ሰው አለ ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ጅቡቲ በዓመት የምታገኘው ዝናም በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን፥ አዲስ አበባ በነሐሴ ወር ብቻ ከዚህ የሚበልጥ ታገኛለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ከምዕራብ የሚነፍሰው «ኻምሲን» የተባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋ ተሸክሞ ይመጣና ሰዉን ሁሉ በቤቱ ይዘጋዋል። ጥላ ሥር ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት በዚያ ወራት፥ ሰማዩ ሰማያዊ መሆኑ እንኳ ቀርቶ የአመድ መልክ ይይዛል። ነገር ግን ከጥቅምት ጀምሮ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከምሥራቅ፥ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ይመጣል። ያን ጊዜ አየሩ ይለዝባል፤ እርጥበትም ያገኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከተራሮቹ ጀርባ ነጭ ደመና እንደ ጥጥ ክምር ይነሣል። እኛም የሄድነው በኅዳር ወር፥ ያን የጥጥ ክምር እግር በእግር ተከትለን ፎቶግራፍ ለማንሣት ነበር።

ዐውሎ ነፋስን መከተል በሌላው ዓለም የታወቀ ሥራ ነው። በአሜሪካ አገር፥ ኦክላሆማ፥ ካንሳስና ቴክሳስ በተባሉት ግዛቶች ሜዳ ላይ፥ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ብዙ ሰዎች ካሜራቸውን በመኪና ጭነው ደመና ሲያሳድዱ ይውላሉ። ከመጀመሪያዎቹ አሳዳጆች አንዱ ዴቪድ ሆድሊ የተባለው ሰው ሲሆን፥ እርሱም በ1956 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሰሜን ዳኮታ ግዛት ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሥራ ቈይቷል፤ በ1977 ደግሞ የእነዚህን ሰዎች ወሬ የምታደርስ አንዲት መጽሔት አቋቁሟል። የሚፈልጉት ደመና «ሱፐርሴል» ይባላል። ይህን ስም ያወጣለት ኪት ብራውኒንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ሲሆን፥ ለዚህ ያበቃውም በ1959 በእንግሊዝ አገር ዎኪንግሃም በተባለች ከተማ አጠገብ በወረደው ብርቱ በረዶ ላይ ያደረገው ምርመራ ነበር።

የሱፐርሴልን ጠባይ ለማስረዳት ከእናቶቻችን እጅ እንዝርት ብንዋስ ይቀለናል። ነፋስ በምድር አጠገብ በአንድ አቅጣጫ ቀስ ብሎ፥ ከፍ ሲል ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ፈጥኖ ሲነፍስ፥ በመካከሉ ያለው አየር እንደ ተጋደመ እንዝርት ይሽከረከራል። ምድር በፀሐይ ስትግል ወደ ላይ የሚወጣው ሞቃት አየር ይህን የተጋደመ እንዝርት አንሥቶ ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ ደመናው ራሱ እየዞረ ይወጣል፤ ዝናሙ በአንድ ወገን፥ የሚወጣው አየር በሌላ ወገን ስለሚሆንም አንዱ ሌላውን ሳያፍነው ለብዙ ሰዓት ይኖራል። ተራ የነጎድጓድ ደመና ግን የራሱ ዝናም በሚወጣው አየር ላይ ስለሚወርድበት፥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይሞታል።

ይህ ጨዋታ ሞት አለበት። በ2013 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ሜይ 31 ቀን፥ በኦክላሆማ ኤል ሪኖ በተባለች ከተማ አጠገብ የተነሣው አዙሪት ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ፥ በዚህ ሙያ እጅግ ጠንቃቃ ከሚባሉት አንዱ የነበረውን ቲም ሳማራስን ከልጁ ከፖልና ከሥራ ጓደኛው ከካርል ያንግ ጋር ገድሏል። ሳማራስ ለወሬ የሚሮጥ ሰው አልነበረም፤ በአዙሪቱ መንገድ ላይ የአየርን ግፊት የሚለኩ መሣሪያዎች አኑሮ ለሊቃውንት ትምህርት የሚሆን ቍጥር የሚሰበስብ ነበር።

በጅቡቲ ምድር እንደዚያ ያለ ደመና ማግኘት ዘበት ነው፤ እኛም ይህን እያወቅን ነው የሄድነው። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥብ አየር ቀጭን ነው፤ ከበላዩ ያለው ደግሞ የበረሃ አየር በመሆኑ ደረቅ ነው። ነገር ግን ደረቅነቱ ራሱ ሌላ ነገር ይሠራል፤ ይህንንም በቦታው እንናገራለን።

ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ በራስ ዲካ፥ እስካል በምትባለው የትንንሽ ጀልባዎች ወደብ ዳር ቆመን ነበር። በሰሜን በኩል፥ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፥ የጎዳ ተራራዎች እንደ ቢላዋ ስለት ጥርት ብለው ይታያሉ። አብሮን የመጣው ፎቶግራፍ አንሺ ወዳጃችን ይህን አይቶ ደስ አላለውም። ጥርት ያለ ተራራ የደረቀ አየር ምልክት ነውና። ነገር ግን አንድ ሰዓት ያህል ቈይቶ የምሥራቁ ነፋስ በረታ፤ የሸሚዛችን ክሳድ ከአንገታችን ጋር ተጣበቀ፤ ተራራውም በጭጋግ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ወዳጃችን በእጅ ስልኩ ላይ የሳተላይቱን ሥዕል ተመልክቶ «ዛሬ ይሆናል» አለ።

በራስ ዲካ ካሜራ ይዞ ለሚቆም ሰው አንድ ምክር አለን። በጅቡቲ ወደብን፥ ድልድይን፥ የአውሮፕላን ማረፊያንና የጦር ሠፈርን ፎቶግራፍ ማንሣት የተከለከለ ነው። ሰማይን ማንሣት አልተከለከለም፤ ችግሩ ግን በዚህች ከተማ ሰማዩ ያረፈው ወይ በወደቡ ላይ ወይ በጦር ሠፈሩ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ወዳጃችን ሌንሱን ቀና፥ ቀና እያደረገ ሲያነሣ ላየው ሰው ለአሞራ የሚሰግድ ይመስል ነበር። አንድ የጸጥታ ባልደረባ መጥቶ ሥዕሎቹን አንድ ባንድ ካየ በኋላ፥ ከደመና በቀር አንዳች ስላላገኘ በትሕትና አሰናበተን። ደመና ምን ያደርግላችኋል ብሎ ግን ጠይቆናል።

2 ሰዓት ላይ ተነሣን። ሾፌራችን በጅቡቲ የተወለዱ የኢሳ ሰው ሲሆኑ፥ በልጅነታቸው ድሬ ዳዋ ከአክስታቸው ዘንድ ስላደጉ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ዕድሜአቸው ወደ 60 የሚጠጋ ስለ ሆነ እኛ «እርስዎ» እያልን፥ እርሳቸው ደግሞ «ልጆች» እያሉን ተጓዝን። ቤታቸው በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ አጠገብ እንደ ሆነ የነገሩን በመንገድ ላይ ሲሆን፥ ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ተራ ጨዋታ ነበር የሰማነው።

ከበልበላ ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ለኢትዮጵያ እንደ ጉሮሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ90 በመቶ የሚበልጠው የአገራችን የውጭ ንግድ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፥ ምንም እንኳ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ቢኖር፥ ካሚዮኑ እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይሄዳል። የሰሌዳው ጽሕፈት በአማርኛ የሆነ መኪና ሲያልፈን እየቈጠርን ቈይተን፥ 80 ላይ ስንደርስ ተውነው። ዌአ ከተባለችው መንደር ሳንደርስ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። ሻይ የምታፈላው የወሎ ልጅ ነበረች። ስለ አየሩ ብንጠይቃት ቀና ሳትል፥ «ዛሬ ዝንቡ በዝቷል፤ ሳይዘንብ አያድርም» አለችን። የሳተላይቱን ሥዕል ለያዘው ወዳጃችን ይህ መልስ ትንሽ ቅር ሳያሰኘው አልቀረም።

ትንሹን ባራ ካለፉ በኋላ ታላቁ ባራ ይገኛል። ይህ ቦታ በድሮ ዘመን ሐይቅ የነበረ፥ ዛሬ ግን ደርቆ እንደ ገበታ የተዘረጋ የነጭ ጭቃ ሜዳ ነው። ርዝመቱ ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በላዩ ላይ ዛፍ የለም፤ ድንጋይም የለም፤ ሣር እንኳ ያለው በዳርቻው ብቻ ነው። በቀትር ጊዜ የሩቁ ተራራ ከሥሩ ተቈርጦ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ካሚዮኖቹም በውሃ ላይ የሚሄዱ ጀልባዎች መስለው ይታያሉ። ደመናን ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ በዚያ አገር የለም። ራስ ዲካ ላይ ሰማዩ በቤትና በመርከብ ምሰሶ ይከፋፈላል፤ እዚህ ግን ከዳር እስከ ዳር ሳይቀደድ ይታያል። ሾፌራችን ግን መኪናውን ከአስፋልቱ ለማውረድ ፈጽመው እንቢ አሉ። «ይህ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ሰሌን ነው፤ ሲርስ ግን እንደ ሙጫ ይይዛል። አንድ ካሚዮን እዚህ ሦስት ቀን ሲቆም አይቻለሁ» አሉን። ስለዚህ በመንገዱ ዳር፥ ወደ አሊ ሳቢህ በሚገነጠለው በኩል ቆመን መጠበቅ ጀመርን።

ደመና መጠበቅ ከአደን ይልቅ አሣ ማጥመድን ይመስላል። አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አንድ ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ፍየሎቹን እየነዳ መጥቶ ከመኪናችን ጥላ ሥር አረፈ። ከሾፌራችን ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ዝናም የወረደበትን ቦታ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ በበረሃ ከጤና ጥያቄ የሚቀድም ነው፤ ዝናም የወረደበትን ቦታ ያወቀ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሣር የሚበቅልበትን ቦታ ያውቃልና። እኛ ለሥዕል የምንፈልገውን ያን ደመና ልጁ ለፍየሎቹ ይፈልገው ነበር። ወዳጃችን በካሜራው መስኮት አሳየው፤ ልጁም አይቶ ሣቀና፥ ደመናው በመስኮቱ ውስጥ በጣም ትንሽ መሆኑን ተናገረ።

እዚህ ላይ አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። ብዙ ተማሪዎች «ዝናም» የሚለውን አንድ ቃል ይዘው ለሁሉ ይገለገሉበታል። ነገር ግን የደጋ ሰው ቀጭኑንና ዝም ብሎ የሚወርደውን «ካፊያ» ይለዋል፤ ነፋስ እያጋደለ በበርና በመስኮት የሚያስገባውን «ውሽንፍር» ይለዋል፤ ገንዳ እንደ ተደፋ የሚወርደውን ደግሞ «ዶፍ» ይለዋል። ሰማዩ ሲጠራ «ብራ» ይሆናል፤ ስለዚህ ያለ ደመና የወረደ ድንገተኛ ነገር «የብራ መብረቅ» ይባላል። በዚያ ቀን ከነዚህ ሁሉ ያየነው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ስም ያላወጣለትን ሌላ ዐይነት ዝናምም አየን።

ይኸውም እንዲህ ነው። 8 ሰዓት ላይ ከሜዳው በስተ ደቡብ የተነሣው ደመና አናቱ እንደ አበባ ጎመን እየፈላ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከዚያ በላይ መውጣት ተሳነውና አናቱ ወደ ጎን ተዘርግቶ የቀጥቃጭ መስፍ መሰለ። ሆዱ ጠቈረ፤ ከሆዱም ግራጫ መጋረጃ ወረደ። ዝናም ነበር፤ ነገር ግን መሬት ሳይደርስ መካከል ላይ ጠፋ። ቀደም ብለን የተናገርነው የበረሃው ደረቅ አየር እየወረደ ያለውን ጠብታ ጠጣው። ውሃ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዛል፤ በገላችን ላይ ያለው ላብ ሲደርቅ እንደሚያቀዘቅዘን ማለት ነው። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ስለ ሆነ እንደ ድንጋይ ይወርዳል፤ መሬት ሲነካ በሁሉ ወገን ይፈስሳል። እንግዲህ የዚያ አገር ደመና በዝናሙ ሳይሆን በነፋሱ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ በሜዳው ጫፍ ላይ ቀጭን የቡና መልክ ያለው መሥመር ታየ። ሾፌራችን ቶሎ ብለው መስኮቶቹን ዘጉና ልጁን ከሁለት ግልገሎች ጋር ወደ መኪናው አስገቡት። መሥመሩ ቁመት አወጣ፤ ከዚያም እንደ ቤተ መንግሥት ግንብ ሆነ። ዐረቦች «ሀቡብ» የሚሉት የአቧራ ግድግዳ ነው። ወዳጃችን ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ በእጁ አቅፎ፥ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ እስከ መጨረሻው ቅጽበት ቆመ። ከላይ ነጭ መስፍ፥ ከመካከሉ ግራጫ መጋረጃ፥ ከሥሩ ቀይ ግንብ፥ ከግንቡ ፊት ደግሞ መብራታቸውን አብርተው የሚሸሹ ሦስት ካሚዮኖች፤ ከዚህ የተሻለ ሥዕል በዚያ ቀን አላነሣም። ከዚያ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል የገዛ እጃችንን አላየንም። ሙቀቱ በድንገት ወረደ፤ አሸዋው የመኪናውን ቆርቆሮ እንደ ቈሎ አንኳኳው፤ ግልገሎቹ ጮኹ፤ ልጁ ግን የፈራ አይመስልም ነበር።

መብረቁንም ማንሣት እንፈልግ ስለ ነበር፥ አቧራው ካለፈ በኋላ ርቀቱን መቍጠር ጀመርን። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሰከንዱን ቈጥሮ ለሦስት ቢያካፍሉት መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ይታወቃል፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና። ቍጥሩ ከ30 በታች ሲሆን በሜዳ ላይ መቆም አይገባም፤ መጠጊያውም ዛፍ ሳይሆን ቤት ወይም ጣራው ቆርቆሮ የሆነ የተዘጋ መኪና ነው። እኛ 24 ቈጠርን፤ ስለዚህ ካሜራው በመስኮት በኩል መሥራት ነበረበት።

በዚህ ጊዜ ነው ሾፌራችን ፊታቸውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙረው ዝም ያሉት። እኛ የምናየው በደቡብ ያለውን ውብ ደመና ነበር። እርሳቸው ግን ከጀርባችን፥ በአርታ ተራሮች ላይ የተነሣውን ሌላ ደመና ያዩ ነበር። እርሱ ውበት አልነበረውም። ቅርጽም አልነበረውም። ከተራራው ጋር ተጣብቆ እንደ ቀለም የጠቈረ ነገር ነበር፤ ከሥሩ ያለው መጋረጃም መካከል ላይ የሚጠፋ ሳይሆን መሬት የደረሰ ነበር።

«ልጆች» አሉን፤ «የባራ ውሃ ባራ ላይ ይደርቃል። የዚያኛው ውሃ ግን እኔ ቤት ይመጣል።»

አምቡሊ ማለት ከአርታ ከፍታዎች በኩል ተነሥቶ በጅቡቲ ከተማ መካከል ወደ ባሕር የሚወርድ ደረቅ ወንዝ ነው። በዓመቱ አብዛኛው ቀን ውሃ የለበትም፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ መኪና ያልፍበታል። የከተማይቱም የጕድጓድ ውሃ ለብዙ ዘመን የተቀዳው ከዚሁ ወንዝ ሥር ነው። ዳሩ ግን በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ50 በላይ ሰው ገድሏል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ መጥቶ በጎረቤት በሶማሌላንድ ጠረፍ ወደ የብስ ሲገባ፥ በጅቡቲ ከመቶ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም አውርዷል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሁለት ዓመት ዝናም በአንድ ቀን እንደ ወረደ ተነግሯል። የሚገርመው፥ ጎርፉ ወደ ከተማው የሚገባው ብዙ ጊዜ በከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ መሆኑ ነው። በራስ ዲካ ያለ ሰው ብራ ሰማይ እያየ ቡናውን ሲጠጣ፥ ከሦስት ኪሎ ሜትር በማይርቅ ቦታ የሰው ቤት በውሃ ይወሰዳል።

ወዳጃችን ገና መብረቁን አላነሣም ነበር፤ ደመናውም በዚያን ሰዓት እጅግ ያማረበት ጊዜ ነበር። ከዚህ ቀደም ለእንዲህ ያለው ሥዕል ሁለት ዓመት እንደ ጠበቀ እናውቃለን። ሾፌራችን «እንሂድ» አላሉም፤ ኪራያቸው እስከ ማታ ድረስ የተከፈለ ስለ ሆነ አልደፈሩም ይመስለናል። መሪውን ይዘው ተቀመጡ እንጂ። ወዳጃችን ፊታቸውን አየ፤ አንድም ቃል ሳይናገር ማቆሚያውን አጣጥፎ ከኋላ ጣለው። ልጁንና ግልገሎቹን አውርደን፥ የተረፈንን ዳቦና ውሃ ሰጥተን፥ 10 ሰዓት ሳይሞላ ተነሣን። ልጁ ወደ ደቡቡ ደመና እያየ እጁን አወዛወዘልን።

የመልሱ ጕዞ ቀላል አልነበረም። ከዌአ በኋላ ዶፍ ተቀበለን፤ ካሚዮኖቹ በመንገዱ ዳር ቆመው ነበር። ውሃ በሚያቋርጥበት ስፍራ ሁሉ ሾፌራችን ወርደው በበትር እየለኩ፥ ከጕልበት በታች መሆኑን ሳያረጋግጡ አላለፉም። በአንደኛው ስፍራ ውሃው ከጕልበት በላይ ስለ ነበረ ግማሽ ሰዓት ቆመን እስኪጎድል ጠበቅን። የሚወርድ ውሃ ሰውንም መኪናንም ጠርጎ ለመውሰድ እንደሚችል ያወቀ ሰው ይህን ትዕግሥት አይነቅፍም። በዚህ መካከል ስልካቸውን አንሥተው ወደ ባለቤታቸው ደወሉ። ያወሩት በሶማሊኛ ስለ ነበር ከነገሩ ያስተዋልነው «አርታ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ መደጋገሙን ብቻ ነው።

አምቡሊ ስንደርስ ለ12 ሰዓት ሩብ ጕዳይ ነበር። ወንዙ ደረቅ ነበር። ሰማዩም ከባሕሩ በኩል ጥርት ብሎ ነበር። በወንዙ ውስጥ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አገኘናቸው፤ ሾፌራችን ከመኪናው ሳይወርዱ ጮኸው አባረሯቸው፤ ልጆቹም ሽማግሌውን ያውቋቸው ስለ ነበር ኳሳቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም የቤቱን ዕቃ ወደ ላይኛው ሠፈር፥ ወደ እኅታቸው ቤት ማጋዝ ጀመርን። ፍራሹን፥ ድስቱን፥ የልጆቹን ደብተር፥ ማቀዝቀዣውን፥ እንዲሁም በቍመቷ ትንሽ ብትሆንም በእንቢታዋ ከሁላችን የበለጠችውን አንዲት ፍየል ተሸክመን አወጣን። ጎረቤቶችም እኛን አይተው የራሳቸውን ማውጣት ጀመሩ። የቤቱ እመቤት ባዕድ ሰዎች ዕቃዋን ሲሸከሙ ስታይ በመጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ግን ማን ምን እንደሚይዝ ታዝዘን ጀመር።

ውሃው የመጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በመጀመሪያ የረጠበ አፈር ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ብዙ ካሚዮን በኮረት ላይ እንደሚሄድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያም ወርዱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የጭቃ ምላስ፥ አረፋና እሾህ እየገፋ፥ ኳስ ሜዳ የነበረውን አሸዋ እየላሰ ወረደ። ወዲያው ሁለተኛው፥ ወዲያው ሦስተኛው ተከተለ፤ አንድ መቶ እስክንቈጥር ድረስ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። የፕላስቲክ ጀሪካን፥ ነጠላ ጫማና ሥሩ የተነቀለ ግራር አብረው ያልፉ ነበር። ወዳጃችን ካሜራውን አላወጣም፤ በአንድ እጁ የፍየሊቱን ገመድ፥ በሌላው የአንዲት ትንሽ ልጅ እጅ ይዞ ነበርና። በምዕራብ በኩል የአርታ ደመና አሁንም ውስጥ ውስጡን እየበራ ይጠፋ ነበር፤ ነጎድጓዱ ግን እስከዚያ አይሰማም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ውሃው መጕደል ጀመረ። ሾፌራችን ባትሪ መብራት ይዘው ወርደው ቤታቸውን አዩ። ግድግዳው ቆሟል፤ በሩ ግን ተገንጥሎ ሄዷል፤ ጭቃውም እስከ መስኮቱ ሥር ደርሷል። ተመልሰው መጥተው ይህን ለባለቤታቸው ከነገሩ በኋላ ወደ እኛ ዘወር አሉና፥ ነገ መኪናውን ሳያጥቡ ለሥራ ሊያወጡት እንደማይችሉ፥ ስለዚህ ከሦስት ሰዓት በፊት እንዳንጠብቃቸው ነገሩን።